ዳለቻና ቡሬ

እኔና እንቅልፍ ተኳርፈን የኖርን ነን። ባለቤቴ በተጋባን ሰሞን ሌሊት ሌሊት ዓይኔን አፍጥጬ ሲያገኘኝ ይደነግጥ ነበር፤ አሁን ለምዶት "ዘበኛ ሳንቀጥር ዘበኛ አገኘን" እያለ ይቀልድብኛል። እውነቱን ነው፣ ዘበኛ ነበርሁ። ሥራውን የጀመርሁት በስምንት ዓመቴ፣ መካነ ሰላም ዳር በነበረችው የሣር ቤታችን ነው። የምጠብቀውም ሁለት ድመትና ሁለት አረጋውያንን ነበር። ማንን ከማን እንደምጠብቅ ግን ተሳስቼ ነበር።

ዓመቱ 1966 ነው። ያለፈውን መኸር ገብሳችንን ውርጭ መታውና አባቴ ካሳ በኅዳር ቡና ለቀማ ብሎ ወደ ጅማ ወረደ። እናቴ አልታዬ ከእኔና ከአራት ዓመቱ ወንድሜ ከውበቱ ጋር ቀረች። በጓዳው ጎታ ውስጥ ሰኔ ላይ የሚዘራ የገብስ ዘር ነበረን። ከእኛ ጋር ደግሞ የአባቴ እናት እምዬ ንግሥቴና ታላቅ ወንድማቸው አባ ቢተው ይኖሩ ነበር። አባቴ ሲሄድ ደጃፉ ላይ ቆሞ "አልታዬ፣ እናቴን አደራ" ሲላት ሰምቻለሁ። ስለ እኛ አደራ አላለም፤ እኔም ቅር ብሎኝ ሰነበትሁ።

አባ ቢተው በሬዎቻቸው አልቀውባቸው ከገጠር ወደ እኛ የተጠጉ ሽማግሌ ነበሩ። ዓይናቸው ፈዝዞ ሰውን በድምፁ ነው የሚለዩት፤ ጨዋታቸው ግን አልፈዘዘም። የሞቱትን በሬዎቻቸውን ስም ለድመቶቻችን ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ግራጫውን ዳለቻ፣ ዥንጉርጉሩን ቡሬ አሉት። ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብለው "ዳለቻ፣ ነገ በጧት እንጠምዳለን፣ በጊዜ ተኛ" ይሉታል። እኔ በሳቅ እፈርሳለሁ። እናቴ አትስቅም ነበር።

ድመቶቹን ማታ ማታ መዝጋት የተጀመረው ከፋሲካ በኋላ ነው። እናቴ ትልቁን ቅርጫት አመጣችና ሁለቱንም ደፋችባቸው። እንዳይገለብጡት የወፍጮውን መጅ ከላይ ጫነችበት፤ እህል ካነሰ ወዲህ መጁም ሥራ ፈት ሆኗል። ከዚያ አጎዛዬን ከቅርጫቱ አጠገብ፣ በመደቡና በበሩ መካከል አነጠፈችልኝ።

"ድመት በደከመ ሰው ላይ ከተረማመደ ነፍሱን ይዞበት ይሄዳል" አለችኝ። "እምዬና አባ ቢተው ደክመዋል። አንች እዚህ ትተኛለሽ። እነሱ ሌሊት ከመደባቸው ሲነሡ ከሰማሽ ጥሪኝ። ቶሎ ነው ታዲያ። ምንም አትበይ፣ 'እማ' ብቻ በይ።"

አባ ቢተው ሰምተው ኖሮ ከመደቡ ላይ ሆነው "እኔን እንኳን ድመት ዝንጀሮ ቢረማመድብኝ ምን የሚወሰድ ነፍስ ተገኝቶ" አሉ።

እናቴ እንዳልሰማች ሆና ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል በበሩ ሥር በተነች። ለቁንጫ ነው አለች። ዛሬ ሳስበው የኛ ቤት ቁንጫ በር ሥር ብቻ ነው እንዴ የሚኖረው እላለሁ። ቅጠሉ የተበተነው ሰው ሲረግጠው እንዲንኮሻኮሽ ነው። ድመቶቹም የተዘጉት እነሱ ሲወጡ ሲገቡ ቅጠሉን ካንኮሻኮሹት የሰው እግር ስለማይለይ ነው። ይህን ሁሉ ያኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሌሊቱ ረጅም ነበር። አባ ቢተው ይስላሉ፣ ከዚያ ያቆማሉ፣ ያቆሙ እንደሆነ ደግሞ እስኪስሉ እጨነቃለሁ። እምዬ በሹክሹክታ አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ። ዳለቻ ቅርጫቱን ይቧጥጣል። በጓዳው በኩል አይጦቹ የጎታውን ጭቃ ሲፍቁ ይሰማኛል። አንዱን ድምፅ ከሌላው ለመለየት ስል ጆሮዬ ይግላል። የመጀመሪያው ሳምንት ሳያልቅ ሦስት ጊዜ "እማ" ብያለሁ። አንዴ እምዬ ለሽንት ተነሥተው፣ አንዴ አባ ቢተው ጋቢያቸው ወድቆባቸው፣ አንዴ ደግሞ እኔው ቃዥቼ ነው። ሦስቱንም ጊዜ ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ እናቴ አጠገቤ ቆማ ነበር። መቼ እንደምትተኛ አላውቅም።

አይጦቹ ድመት እንደማይወጣባቸው ሲያውቁ ደፈሩ። አንድ ጧት እምዬ ከጎታው ሥር የተፈለፈለ ገብስ አገኙና ገለባውን በመዳፋቸው ይዘው ወደ እናቴ መጡ።

"አልታዬ፣ ዘሩን አይጥ እየጨረሰው ድመት ትዘጊያለሽ?"

"ይብላው" አለች እናቴ።

በዚያ ቤት መሬት የወደቀች አንዲት ገብስ በጥፍር ነበር የምትለቀመው። ይብላው የሚል ቃል ከእናቴ አፍ ይወጣል ብዬ አልጠበቅሁም። እምዬም ደንግጠው ገለባውን ይዘው ቆመው ቀሩ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ውበቱን አዝዬ በጓሮ በኩል ስዞር በግድግዳው ስንጥቅ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

"ሁለት አፍ ቢጎድል ዘሩ ሰኔን ያያል" አሉ እምዬ። "ዘሩን የበላ ቤት መቼም አይድንም። ልጆቹንስ ለከርሞ ምን ልታበያቸው ነው?"

"ተይኝ በሞቴ... ይተዉኝ እምዬ" አለች እናቴ፤ ተናዳ አንቱታው አምልጧት ነበር። "ካሳ ሲመጣ ምን ብዬ ልመልስለት?"

"ካሳ ገበሬ ነው። ዘሩን መሬት ላይ ካገኘው ይገባዋል።"

"እኔ ቆሜ አይሆንም።"

ሁለት አፍ። በቤታችን ያለውን አፍ በጣቴ ቆጠርሁ። እናቴ፣ እኔ፣ ውበቱ፣ እምዬ፣ አባ ቢተው። ከእነዚህ ውስጥ ሊጎድል የሚችል ሰው አልታየኝም፤ ሰው ከቤቱ ምን ሆኖ ይጎድላል? የሚተርፉት ዳለቻና ቡሬ ናቸው። ጎረቤቶቻችን እነ ዘይነባም በዚያው ሰሞን ውሻቸውን አርቀው ጥለውታል። ነገሩ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። እምዬ ድመቶቹን ወስደው ሊጥሏቸው ነው፣ እናቴ ደግሞ በቅርጫት እየደበቀቻቸው ነው፣ የነፍሱ ወሬ ሰበብ ነው። ብልጥ በመሆኔ ኮራሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እምዬን ተቀየምኋቸው።

ምስኪን እምዬ። የሚያወሩት ስለ ራሳቸውና ስለ ወንድማቸው ነበር። የሚበላ እየጠፋ ሲሄድ እናቴ በየሁለት ቀኑ ከዘሩ ላይ ጣሳ እየጨለፈች ትቆላልን ጀመር። እሳቸውና ወንድማቸው እንደ ሌላው ስደተኛ ወደ ደሴ መንገድ ወጥተው እየለመኑ የሚሆነውን ሊሆኑ፣ ዘሩን ለእኛ ሊያተርፉ ወስነዋል። በፋሲካ ማግስት ሌሊት ወጥተው እናቴ ከወንዙ ማዶ አልቅሳ መልሳቸዋለች። ይህን የነገረችኝ ዘይነባ ናት፣ አግብቼ ከወለድሁ በኋላ።

እኔ ግን ጦርነት ላይ ነበርሁ። እምዬ ከድርሻቸው ቆሎ ዘግነው በጋቢያቸው ሥር ለእኔና ለውበቱ ይሰጡናል፤ "ሆዴን አሞኛል፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪ" ይሉኛል። ጉቦ መሰለኝ። ቆሎውን በላሁት፤ ድመቶቹን ግን አልሸጥሁም።

የዘይነባ ባል ጀብሪል ልብስ ሰፊ ነበር፣ ሬዲዮም ነበረው። ማታ ማታ ወንዶቹ ደጁ ላይ ይሰበሰባሉ፤ አባ ቢተውን እጃቸውን ይዤ የምወስዳቸው እኔ ነኝ። ካቢኔው ወረደ ይባላል። ካቢኔ ማለት ከበቅሎው የሚወርድ አንድ ወፍራም ሰው ይመስለኝ ስለነበር አንዴ ከወረደ በኋላ ለምን ይህን ያህል እንደሚያወሩለት አይገባኝም። ከመካከላቸው አንድ አስተማሪ ስለ መሬትና ስለ አራሹ ሲናገር ምራቁ ይረጫል።

"እንዲያው ልጄ" አሉት አንድ ቀን አባ ቢተው፣ "ካቢኔው ሲወርድ ዝናብ አብሮ ይወርዳል ወይ?"

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ በአንድ ጊዜ ጠፋና ጀብሪል "ያረብ፣ አንተው እዘን" አለ።

ስንመለስ አባ ቢተው በጆሮዬ "ሐረግ፣ ከደጃችን እስከ አቀስታው መንገድ ስንት እርምጃ ነው? እስቲ አብረን እንቁጠር" አሉኝ። ቆጠርን። ሁለት መቶ አርባ። "በስተግራ ቁልቋል አለ፣ አይደል?" አሉ። አዎ አልኋቸው። ድመት የሚጣልበትን ቦታ እያስለኩኝ ነው ብዬ ጠረጠርሁ። ከሁለቱም እንደማልጫወት ለራሴ ማልሁ።

የግንቦት ልደታ ባለፈ በሳምንቱ እናቴ ጧት ጎታው ውስጥ ጣሳ ስትከት ጣሳው መሬቱን ፋቀ። ያን ድምፅ ሁላችንም ሰማነው። እናቴ ግማሹን መለሰችና በተረፈው ቆሎ ቆላች። እምዬ ማታ ላይ ውበቱን እቅፋቸው አድርገው ራሱን ሲደባብሱት ዋሉ... አመሹ ማለቴ ነው። ያን ቀን ሳስብ ዛሬም ጧቱና ማታው ይደበላለቅብኛል።

ሌሊት የመደቡ ቁርበት ሲጢጥ አለ። ነቅቼ ነበር። እግር ወረደ፣ ሌላ እግር ወረደ። የአባ ቢተው በትር አፈሩን ነካች። "ቀስ" አሉ እምዬ።

እጄን በቅርጫቱ ቀዳዳ አስገባሁ። ዳለቻ ሞቃት ነው፣ ቡሬም አለ። ወደ እኔ መጡ። በጨለማው የእምዬ ጉልበት ሲንቋቋ ሰማሁ፤ አጎነበሱ። ቅርጫቱን በሁለት እጄ አቅፌ ያዝሁት። እጃቸው በአየር ላይ ሲፈልግ ቆየና ራሴን አገኘ፣ ከዚያ ጉንጬን። ቅርጫቱን ፍለጋ መሰለኝ። ገፋሁት።

"አይሆንም" አልሁ በሹክሹክታ።

እጃቸው እንደተገፋ ቆመ። "እሺ" አሉኝ። "እሺ የኔ እናት፣ ተኚ።"

ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ። በሩ ተከፈተ፣ የውጭው ብርድ እግሬን ነካኝ፣ በሩ ተዘጋ። "እማ" አላልሁም። ለምን እላለሁ? ድመቶቹ በእጄ ናቸው። እምዬ ተሸንፈው አባ ቢተውን ይዘው ወደ ውጭ ወጥተዋል፣ ሽንታቸውን ሸንተው ይመለሳሉ፤ ጠርቼ ከእናቴ ጋር ላጣላቸው አልፈለግሁም። ድል ያደረገ ሰው ደግ ይሆናል። ከፋሲካ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥግብ ብዬ ተኛሁ።

ስነቃ ፀሐይ ወጥቷል። እናቴ ባዶው መደብ ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። አታለቅስም። የጮኸችው ዘይነባ ናት፤ መደቡ ባዶ መሆኑን ስታይ "ወየው፣ እማማ ንግሥቴ ወጡ ወይ" ብላ ደረቷን መታች። ጀብሪል በቅሎ ጭኖ ወደ ደሴ በሚያወጣው በአቀስታ መንገድ ተከተላቸው። በሦስተኛው ቀን ብቻውን ተመለሰ። እናቴ ከበር ላይ ፊቱን አይታ ወደ ውስጥ ገባች።

በወሩ አህመድ የሚባል የአሞሌ ጨው ነጋዴ ከአቀስታ መጥቶ ወሬያቸውን ነገረን። አባ ቢተው አቀስታ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ዐርፈው ሰዎች ቀብረዋቸዋል። እምዬ ወንድማቸውን ካስቀበሩ በኋላ ከስደተኛው ጋር ወደ ደሴ ሲሄዱ ታይተዋል። ከዚያ ወዲህ ያያቸው ሰው የለም። መቃብራቸውን እስከ ዛሬ አናውቀውም።

እናቴ የሄዱበት ዕለት ማታ ቅርጫቱን አልደፋችም። ዳለቻና ቡሬ ጨለማው ሲይዝ ወደ ጎታው ገቡ፣ አይጦቹም ጸጥ አሉ። የተረፈው ጥቂት ዘር ሰኔን አየ። እናቴ የሰው በሬ ለምና ማሳውን አሳረሰች። ዝናቡም እንደ ሰው ይሉኝታ ይዞት መሰለኝ አላቋረጠም። ሁለት አፍ ማንና ማን እንደሆነ ያን ጧት ገባኝ ብል ደስ ባለኝ ነበር። የገባኝ መስከረም ላይ ነው። ሬዲዮው ንጉሡ ወረዱ ብሎ ከተማው ሲተራመስ፣ እናቴ የመጀመሪያውን የገብስ እሸት ጠብሳ ለእኔና ለውበቱ ሰጠችንና ለራሷ አንዲት ፍሬ አፏ ውስጥ ጨምራ መዋጥ አቃታት። እያየኋት እሸቱ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። የገፋሁትን እጅ አስታወስሁ።

አባቴ ከዚያ በፊት፣ በነሐሴ ነበር የመጣው። እናቴ እግሩ ላይ ወደቀች። አነሣት፣ ወጣ፣ ማሳው ዳር ሄዶ አረንጓዴውን ገብስ እያየ እስኪመሽ ቆመ። ሲመለስ እራት አልበላም፣ ምንም አልጠየቀም። እስኪሞት ድረስም የእናቱን ስም ከእናቴ ፊት ሲያነሣ አልሰማሁም።

እኔንም የጠየቀኝ የለም። ለምን አልጠራሽኝም ብላ እናቴ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ዘብ ያቆመችኝ እሷ፣ የተኛሁባት እኔ፤ አንዲት ቃል ግን አልወጣትም። ደግነቷ ነው እያልሁ ኖርሁ። ደግነቷ ያሳፍረኝ ስለነበር ትምህርት ጨርሼ ሥራ ደሴ ሳገኝ ቶሎ ወጣሁላት፤ ስመጣም ከሁለት ቀን በላይ አላድርም ነበር።

አባቴ በ1998 ዐረፈ። ለአርባው መካነ ሰላም ሄድሁ። ድንኳኑ ተነቅሎ፣ እንግዳው ተሸኝቶ፣ ከሰዓት በኋላ እኔና እናቴ ብቻችንን ቀረን። እሷም አርጅታለች።

"ትንሽ ጋደም በይ እማ" አልኋት።

"ሐረግ" አለች፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ። "የዚያን ሌሊት ነቅቼ ነበር።"

የቱን ሌሊት ብዬ አልጠየቅኋትም።

"ከመደቡ ሲወርዱ ሰማሁ። ወዳንች ሲያጎነብሱም ሰማሁ። ብነሣ አራት እርምጃ ነው። ውበቱ ክንዴ ላይ ተኝቶ አጥንቱ ይወጋኛል። ጧት ጣሳው የፋቀው መሬት ከጆሮዬ አልወጣም። ሐረግ ከጠራችኝ እነሣለሁ አልሁ። እግራቸው ላይ ወድቄ እመልሳቸዋለሁ። ካልጠራችኝ የእግዜር ፈቃድ ነው አልሁ። በስምንት ዓመት ልጅ ላይ ጣልሁት። ለካሳ አልነገርሁት፣ ለነፍስ አባቴም አልተናዘዝሁት። እንዳትጠሪኝ እየለመንሁ ነበር፣ ልጄ። እንዳትጠሪኝ።"

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

"ሰምተሽ ነበር ወይስ ተኝተሽ ነበር?"

እውነቱን ልነግራት እችል ነበር። ስለ ድመቶቹ ብነግራት እኔ ምንም ያልገባኝ ሕፃን እሆናለሁ፣ ነጻ እወጣለሁ። ተኝቼ ነበር ብላትም ነጻ እወጣለሁ። በሁለቱም መንገድ በዚያች ጨለማ ቤት ውስጥ እያወቀች ዝም ያለችው እሷ ብቻ ትሆናለች። ያን ያህል ዓመት ብቻዋን ተቀምጣበታለች። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ወቀሳዋን ስጠብቅ፣ እሷ የእኔን ስትጠብቅ ኖራለች።

"ሰምቼ ነበር" አልኋት። "መሄዳቸውንም አውቄ ነበር። ርቦኝ ነበር፣ እማ። አውቄ ነው ያልጠራሁሽ።"

በሁለት እጇ ራሴን ይዛ ወደ ደረቷ ሳበችኝ፤ ነጠላዋ የሰው ብዛትና የእንባ ሽታ ነበረው።

"አይ ልጄ" አለችኝ። "ይኸን ሁሉ ዘመን ብቻሽን ይዘሽው ኖርሽ?"

"አዎ" አልኋት።